ጣቢያ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ አራት

ብርሃኗ ሰማዩ መሃል ደርሳ ድርግም ያለችው እኔ እጄን ባነሳሁበት ቅጽበት ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ያየችው ይህን ብቻ ነው፤ አንዲት ሴት ጨለማ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ ስልክ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ሌላውን እጇን ስታነሳና ከላይ የሚሄደው ነገር ሲጠፋ።

እጄን ያነሳሁት የእሷው የበረንዳ አምፖል ዓይኔን ስለወጋኝ ነው። ከንፈሬ የሚንቀሳቀሰው ሴኮንድ ስለምቆጥር ነበር። ግን እያየችኝ መሆኗን አላወቅሁም። በሯ ሲዘጋና መቀርቀሪያው ሲጮህ ሰማሁ፤ ደብተሬ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩና ራቴን ልበላ ገባሁ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ እንደተመረቅሁ ወልቂጤ ተመደብኩ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ቡታጅራ ተዛወርኩ። ነገሩ የጀመረኝ ወልቂጤ ነው። አንድ ቀን ልክ ሲመሽ መብራት ጠፋና የተከራየሁበት ፎቅ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ከምዕራብ በኩል አንድ ደማቅ ብርሃን ተነሳ። ድምፅ የለውም፣ እንደ አውሮፕላን ብልጭ ድርግም አይልም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። በማግስቱ ለፊዚክስ አስተማሪያችን ስነግረው ሳቀብኝና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የጠፈር ጣቢያ ናት፣ ሰዎች ይኖሩባታል፣ ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ትዞራለች አለኝ። የራሷ መብራት አይደለም የሚታየው። እኛ ጋ ሲመሽ እሷ በጣም ከፍ ብላ ስለምትሄድ ፀሐይ ገና አልጠለቀችባትም፤ የምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ ግን በአንድ ጊዜ ትጠፋለች። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል እንደምታልፍ የሚናገር መተግበሪያም ስልኬ ላይ ጫነልኝ።

ከዚያ ወዲያ አልተውኳትም። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት፣ መኪና ሲሞላ ብቻ በሚነሳበት ኑሮ ውስጥ በደቂቃዋ የምትመጣ ነገር ማግኘቴ ይመስለኛል የያዘኝ። ብቻዬን ነው የምኖረው። ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ የተማሪ ደብተር አርሜ፣ ዛሬ በዚህ ሰዓት ትመጣለች ብሎ መጠበቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ቡታጅራ ላይ የተከራየሁት አንድ የበርበሬ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። የእኔ ክፍል ከመጋዘናቸው ጀርባ ስለሆነች በበርበሬ ወራት የሚገባም የሚወጣም ያስነጥሰዋል። እኔ ለማየት ስወጣ እሳቸውም መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ይወጣሉ። «መጣች?» ይሉኛል። «መጣች፣ ያቻትና ሐጂ» እላለሁ። «ማሻአላህ፣ አየኋት» ይላሉ። በዚያች ምሽት ግን አልነበሩም፤ በርበሬ ሊገዙ ወደ መስቃን ገጠር ወርደው ነበር።

ወሩ ኅዳር ነበር። በዚያ ሰሞን ሰው ሰማይ ማየት ይፈራ ነበር። ከተማችን ላይ የደረሰ ነገር አልነበረም፤ ሆኖም የጭነት ሹፌሮች ከሩቅ መንገድ ሲመለሱ ስለ ድሮን የሚያወሩት በየሻይ ቤቱ ይዞር ነበር። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠሩ ነበር። የሰፈሩ ሰው ጥበቃ አቋቁሞ በየተራ ይዞራል። የስልክ ዳታ ከተቋረጠ ስምንት ቀን ሆኖታል። እኔ ዳታው ከመጥፋቱ በፊት የሁለት ሳምንቱን የማለፊያ ሰዓት ከስልኬ ላይ ወደ ደብተሬ ገልብጬ ነበርና አልቸገረኝም። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ሰሞን ስልክ ወደ ሰማይ ይዤ መቆሜ ምን እንደሚመስል አለማሰቤ ይገርመኛል።

በሩ ሲንኳኳ ራቴን አልጨረስኩም ነበር። ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱን በመልክ አውቃቸዋለሁ፣ ዱላ ይዘዋል። ሦስተኛው የጥበቃው ኃላፊ ናቸው፤ በጡረታ የተገለሉ ወታደር፣ ሰፈርተኛው ሃምሳ አለቃ የሚላቸው። ሰላምታ አልሰጡኝም። ስልኬን ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር አንስተው በባትሪ መብራት ገጽ በገጽ አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የማይበት ሰዓት ነው።»

«ምኑን ነው የምታይው?»

«ጣቢያዋን።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። በየመስመሩ የጻፍኩት እንዲሁ ነበር፤ «ጣቢያ፣ 1:24፣ ከደቡብ ምዕራብ፣ 71 ዲግሪ»፤ «ጣቢያ፣ 12:38፣ ከደቡብ ምዕራብ፣ 38 ዲግሪ»። እነሱ የሚያውቁት ጣቢያ ከግቢያችን ሁለት መንገድ አልፎ ያለውን የፖሊስ ጣቢያ ነው። ዱላ የያዘው አንደኛው ሰው ወደ ሌላው ዞር አለ።

የጠፈር ጣቢያ ማለቴ ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ስናገር ድምፄ ይቀጥን ነበር፤ የሚቀጥን ድምፅ ደግሞ የውሸታም ይመስላል። ሃምሳ አለቃ እስክጨርስ ሰሙኝና አገሬ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። እዚህ ከተማ አራት ዓመት እንደኖርኩ ተናገርኩ። ከዚያ በፊት አሉኝ። ወልቂጤ አልኳቸው። ከዚያስ በፊት? ደሴ ስላቸው ደብተሩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱት። ከግቢ እንዳልወጣ፣ ጠዋት ቀበሌ እንድቀርብ ነገሩኝና አንዱን ሰው በሩ ላይ ትተው ሄዱ። ያ ሰው እስኪነጋ በበርበሬው ሲያስነጥስ እሰማው ነበር።

ጠዋት የቀበሌው ቢሮ ውስጥ ሃምሳ አለቃና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠበቁኝ። ዳታ ቢኖር በአንድ ደቂቃ ባሳየኋቸው ነበር። ስልኬን መልሰው ሰጥተው ክፈቺው አሉኝ፤ መተግበሪያው ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ወጣ። ያ ደግሞ ባሰ፤ ያጠፋሁት መሰላቸው። ስክሪብቶ ለምኜ ምድርን ሣልኩ፣ ፀሐይን ሣልኩ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ አሳየሁ። ክቡ ክብ አልሆነልኝም። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ክብ ስሥል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሃምሳ አለቃ ወረቀቱን አዩት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያስፈራኝም ይሄ ነው። ቢቆጡ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«መምህርት፣» አሉኝ፣ «እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሲበር አይቻለሁ። በጠራ ሰማይ መሃል ላይ የሚጠፋ ነገር፣ የሚጠፋው የሚያጠፋው ሰው ስላለ ነው። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ይሆናል።»

ያኔ ነው የተናገርኩት። ዛሬም ትመጣለች አልኩ፤ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ። ከትናንት ቀድማ ስለምትመጣ ፀሐይዋ አትርቅባትም፣ ስለዚህ ዛሬ መሃል ላይ አትጠፋም፣ ሰማዩን አቋርጣ እስከ መጨረሻው ትታያለች። እኔ እጄን ሳላነሳ፣ ስልክ ሳልይዝ፣ እናንተ እያያችሁ።

ተናግሬ ሳልጨርስ ጸጸተኝ። ዝርዝሩን ከገለበጥኩ ስምንት ቀን አልፏል። በዚያ ላይ ትናንት ከጻፍኩት ሰዓት አንድ ደቂቃ ዘግይታ ነበር። ደመና ቢመጣስ?

«ካልመጣችስ?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

እሳቸው ራሳቸው መለሱት፤ ካልመጣች ነገሩ ከእሳቸው እጅ ይወጣል፣ ከነደብተሬ ወደ የበላይ አካል ነው የሚልኩኝ። ዛቻ አልነበረም፤ የሚሆነውን ነው የነገሩኝ።

ቀኑን ሙሉ እዚያው ቢሮ በር ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች መታወቂያ ሊያሳድሱ ሲመጡ አይተውኝ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ሌላ ይመልሱ ነበር። የአንድ ተማሪዬ እናት ሰላም ልትለኝ ጀምራ፣ አጠገቤ የቆመውን ጠባቂ አየችና ቃሉን ዋጠችው። እኔ የማየው ሰማዩን ብቻ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥርት ብሎ ዋለ። ከዘጠኝ በኋላ ዘቢዳር ተራራ ጫፍ ላይ ነጭ ደመና መከመር ጀመረ።

ወደ አስር ሰዓት ገደማ ሐጂ በባጃጅ መጡ። ከገጠር ሲመለሱ ሰምተው ቤት እንኳን አልገቡም፤ ሸሚዛቸው በበርበሬ አቧራ ቀልቷል። ቢሮው ውስጥ ገብተው ሲናገሩ ከውጭ ይሰማኝ ነበር። አራት ዓመት በግቢያቸው ስኖር ክፉ ነገር እንዳላዩብኝ ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይቺን የምትላትን ነገር እኔም ስንት ምሽት አብሬያት ቆሜ በዓይኔ አይቻታለሁ። ዋስ ነኝ፤ እሷን ከላካችሁ እኔንም ላኩኝ» አሉ። ሲወጡ መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ነበር። አጠገቤ ተቀመጡ። ምሳ በልቼ እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቁኝ።

ፀሐይ ጠልቃ፣ የመግሪብ ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ ሰው ወደ ቀበሌው ግቢ መምጣት ጀመረ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ሃያ ሰው ይሆናሉ። ጎረቤቴም መጣች። በሩ ጋ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ቆመች። ያን ጊዜ ለምን እንደመጣች አልገባኝም።

ሃምሳ አለቃ ሰዓታቸውን አይተው አስራ ሁለት ከሠላሳ አምስት ነው አሉ። በየት በኩል እንደምትመጣ ጠየቁኝ። ከዘቢዳር በስተግራ፣ ተራራው ስለሚከልላት ሠላሳ ስምንት ላይ አትታይም፣ በአርባ ወይም በአርባ አንድ ግን ትወጣለች አልኩ። ደመናው እዚያው በስተግራ ነበር የተከመረው። ይህን አልተናገርኩም።

ከምዕራብ በኩል ዝቅ ብላ፣ ሁልጊዜ ቀድማ የምትወጣው ደማቋ ኮከብ ታየች። አንድ ሰው በጣቱ እያመለከተ፣ «ያቺ ናት?» አለ። ሁሉም ወደዚያ ዞሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

አዎ ማለት እችል ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ኮከቧ ደማቅ ነበረች፣ ሰዎቹም ሊያምኑ ፈልገው ነበር፤ መሽቷል፣ ራት ይጠብቃቸዋል፣ ብርድም ነበር። አዎ ብል ምናልባት ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ነገር ግን ያቺ ኮከብ አትንቀሳቀስም፤ ሃምሳ አለቃ ደግሞ ነገም ወጥተው ያዩዋታል።

«አይደለችም» አልኩ።

«አርባ አንድ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «አርባ ሁለት።» አንዱ ጠባቂ ጉሮሮውን ጠረገ። ከኋላዬ የሆነ ሰው በጉራግኛ አንድ ነገር ተናግሮ ሌላው በአፍንጫው ሳቀ። የሐጂን ክንድ በሁለት እጄ ያዝኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ተራራው ቀጥ አድርገው እንደቆሙ ናቸው። ሰዓቱን ተሳስቼ ገልብጬ ይሆን? ውስጧ ያሉት ሰዎች በዚህ ሳምንት ምህዋሯን ከፍ አድርገውት ሰዓቷ ተለውጦ ይሆን? ለእናቴ ማን ይነግራታል? ይህን እያሰብኩ ነበር።

«ያውና» የሚል የሴት ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

ጎረቤቴ ናት። ደመናው ካለቀበት ጠርዝ ላይ፣ እኔ ካልኩት ከፍ ብሎ፣ ብርሃኗ ወጥታለች። ወዲያው ሁሉም አያት። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም። ወደ ግራ ዘንበል እንዳለች፣ ሳትቸኩል ሳትዘገይ፣ በቤቶቹ ጣሪያ ላይ አለፈች። ሃምሳ አለቃ አንገታቸውን ሳያነሱ መጀመሪያ የእኔን እጆች አዩ። ሁለቱም የሐጂን ክንድ እንደያዙ ነበሩ። ከዚያ ነው ቀና ያሉት። ትናንት የጠፋችበትን የሰማይ ወገብ አለፈች፣ አልጠፋችም፤ ወደ ቡኢ ከሚወስደው መንገድ በስተቀኝ እየደበዘዘች ወርዳ ከዛፎቹ ጀርባ ገባች።

«ሰው አለባት ነው ያልሽው?» አሉኝ ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞረው።

«አለባት።»

«ያዩናል?»

የከተማውን መብራት ምናልባት ያዩ ይሆናል፣ ሰው ግን አያዩም አልኩ። ይህን ያሰቡበት መሰለኝ። ስልኬንና የሐጂን መታወቂያ መለሱ። ደብተሩን በኋላ እልከዋለሁ አሉ። ነገሩ እስኪረጋጋ ድረስ ግን ወጥቼ እንዳላይ፣ ስልክ ይዤ ግቢ ውስጥ እንዳልቆም አስጠነቀቁኝ። እሺ አልኩ። በዚያ ሰዓት ምንም ቢሉኝ እሺ እል ነበር።

ከሐጂ ጋር በእግር ወደ ቤት ስንመለስ አለቀስኩ። እሳቸው እስኪወጣልኝ ጠብቀው፣ የግቢውን በር እየከፈቱ፣

«ልጄ፣ እኔኮ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ዓይናቸው እኔ ግቢያቸው ከመግባቴ በፊት ጀምሮ ከመጋዘኑ በር አያልፍም ነበር፤ በርበሬውን እንኳ የሚለዩት በጣታቸውና በሽታው ነው። ታዲያ ለምን አየሁ ይሉኝ ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። ሲመሽ ብቻዬን ስቆም ደስ እንዳላላቸው፣ ያለ ምክንያት ቆመው ከሚጠብቁኝ ደግሞ ምክንያት ቢኖራቸው እንደሚሻል ነገሩኝ። ዛሬስ? ዛሬም አላየሁም አሉ። «ሰው ሁሉ ዝም ሲል ግን መምጣቷን አወቅሁ።» መታወቂያቸውን ያስያዙት በማያዩት ነገር ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። ትምህርት ቤት ውስጥ አስተማሪዎች በቀልድ መልክ ዛሬ በስንት ሰዓት ነው ይሉኝ ነበር፤ እስቃለሁ። በር ሲንኳኳ ግን እደነግጣለሁ። ማታ ማታ የምታልፍበትን ሰዓት በቃሌ እያወቅሁ መጋረጃዬን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ቆጮና ጎመን ይዛ መጣች። አሰላሙ አለይኩም ብላ በሩ ላይ ቆመች፣ ግቢ ብላትም አልገባችም።

«ቲቸር፣ ለሃምሳ አለቃ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

አውቃለሁ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ገምቼ ነበር እንጂ አላውቅም ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እኔ ላይ ከመናገሯ ከአስራ አንድ ቀን በፊት ከሩቅ መንገድ ደውሎላት፣ ከላይ የመጣ ነገር ከፊቱ ይሄድ የነበረውን መኪና ሲያነድደው ማየቱን ነግሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አልሠራም። ይህን ስትነግረኝ ሳህኑን ከእጇ አልተቀበልኳትም ነበር።

«ብርሃኑን ያጠፋሽው አንቺ መሰልሽኝ» አለች። «ወላሂ፣ ማጥፋት የምትችል ማዘዝም ትችላለች ብዬ ነው የፈራሁሽ።»

ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ነበረብኝ። አልወጣልኝም። ሳህኑን ተቀብዬ አመሰገንኳት፣ ሄደች። ሳህኑን አጥቤ የመለስኩት ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ እሱንም በሐጂ እጅ። እንዲህ ያለ ቂም የምይዝ ሰው አልመስለኝም ነበር።

እሱ ባለበት ኔትወርክ ሲመለስ ባሏ ደወለ። መንገድ ተዘግቶበት መኪናውን ትቶ በእግር እየመጣ ነበር፤ ግን በሕይወት አለ። የሰማሁት ከአጥሩ ማዶ ስሜን ስትጠራ ነው። ቲቸር አላለችኝም፣ በስሜ ነው የጠራችኝ። ሮጬ ወጣሁ። አጥሩን በመሃላችን አድርገን እጅ ለእጅ ተያያዝን። ያን ቀን የያዝኩት ሁሉ ለቀቀኝ።

ባሏ በሳምንቱ ገባ፤ ከስቶ፣ ጢሙ ረዝሞ። የሰፈሩ ነገርም እየበረደ ሄዶ ሃምሳ አለቃ እገዳውን አነሱልኝ። የመጀመሪያዋን ምሽት ሁላችንም ሐጂ ግቢ ተሰበሰብን። ሐጂ በዱካቸው፣ ጎረቤቴ ጋቢ ተከናንባ። ባሏ ግን ከመጋዘኑ ጣሪያ ክፈፍ ሥር አልወጣም። ሚስቱ ና ስትለው እናንተ እዩ፣ እኔ እዚህ ይሻለኛል አላት። እኔም በጣም ከፍታ ላይ እንዳለች፣ ማንንም እንደማትነካ ነገርኩት።

«አውቃለሁ ቲቸር፣ ነግራኛለች» አለኝ። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

መጣች፣ አየናት፣ ሐጂ እንደ ልማዳቸው ማሻአላህ አሉ። ስትጠልቅ ወደ እሱ ዞርኩ። ቀና ሳይል፣ «ሄደች?» ብሎ ጠየቀኝ። ሄዳለች አልኩት። ከዚያም በኋላ ከጣሪያው ሥር ለመውጣት ትንሽ ቆየ።